የበረዶ ጎማ ስፋቱ ስንት ይሁን? ከበሩ ስቲከር እስከ ቡሎን ማጥበቅ

ጥቅምት ሲገባ ኤድመንተን፣ ሚኒያፖሊስ፣ ስቶክሆልም ያለው አበሻ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። የበረዶ ጎማ የትኛው ይሻላል? የሚጠየቀው ግን ስለ ብራንዱ ነው። ሚሼሊን ነው ኖኪያን? ብሪጅስቶንስ እንዴት ነው? ስለ ስፋቱ የሚያነሳ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ጎማ ቤቱ እጁ ላይ ያለውን ልክ ይገጥማል፣ እኛም ካርዳችንን አውጥተን ከፍለን እንወጣለን።

ስፋቱ ግን መኪናው በረዶ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ይወስናል፣ ኪሳችሁንም ይነካል። መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁና ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ለበረዶ የሚሻለው፣ የመኪናችሁ ፋብሪካ ለሞዴላችሁ ከፈቀዳቸው ልኮች ውስጥ ጠባቡ ነው። ፋብሪካው ከፈቀደው በታች መውረድ ግን የለም። ጠባብ ይሻላል የሚለውን ሁሉም ሰምቷል፣ ይቺኛዋን ግን ብዙ ሰው ይዘላታል።

ለምን ጠባብ?

እኛ ዘንድ ሰፊ ጎማ ያደረገ መኪና ግርማ አለው። ሰፊ ጎማ መንገድ ይይዛል የሚለው እምነትም አብሮን መጥቷል። በደረቅ አስፋልት ላይ እውነትነት አለው። ጣጣው የሚመጣው በጎማውና በአስፋልቱ መሐል ሌላ ነገር ሲገባ ነው።

አዲስ በረዶ ሲጥል፣ ወይም የጣለው ግማሹ ቀልጦ ሲቦካ፣ ጎማው መጀመሪያ ያንን ሰንጥቆ ወደ ታች መድረስ አለበት። ሰፊው ብዙ በረዶ ከፊቱ ይገፋል። አንዳንዴም ላዩ ላይ ይወጣና መሪው ይቀልላችኋል፣ መኪናው ወደፈለገው ይሄዳል። ጠባቡ የሚገፋው ያንሳል፣ ክብደቱንም በጠባብ መስመር ላይ ስለሚጥል ቶሎ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። ጭቃ ላይ በሹል ተረከዝ የሄደች ሴት ነገሩ ወዲያው ይገባታል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ጠባብ ጎማ መሬት የሚነካው በጣም ትንሽ ቦታ ነው ማለት አይደለም። ምን ያህል ቦታ እንደሚነካ በዋናነት የሚወስኑት የመኪናው ክብደትና የጎማው ንፋስ ናቸው። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በ35 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ነው) ቢቆም፣ እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው በግምት 150 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ጎማው 205 ቢሆንም 235 ቢሆንም ይህ ቁጥር ብዙ አይራራቅም። የሚለየው ቅርጹ ነው። የጠባቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይረዝማል፣ የሰፊው አጥሮ ወደ ጎን ይሰፋል። ረጅሙ በበረዶም በውሃም ላይ ይሻላል፣ ምክንያቱም የፊተኛው ጫፍ እየጠረገ ሲሄድ የኋለኛው የተጠረገውን መንገድ ይረግጣል።

ብላክ አይስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያ የማይታየው ስስ ግግር ላይ ስፋት ብዙም አያድናችሁም። እዚያ ቁም ነገሩ የላስቲኩ ልስላሴና ጥርሱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው። ተራው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል፣ የበረዶ ጎማ ደግሞ በዚያ ብርድ ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ተብሎ የተቀመመ ነው። ስለዚህ ደህና የሆነ ባለ 235 የበረዶ ጎማ ባለ 205 ኦል ሲዝንን፣ ዓመቱን ሙሉ የሚነዳበትን ጎማ፣ በብዙ ያስከነዳዋል። መጀመሪያ የበረዶ ጎማ ይሁን፣ ከዚያ ጥርሱ ያልተበላ ይሁን፣ ከዚያ ነው ስፋት የሚመጣው።

አይስላንድ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ በበረዶ ግግር ላይ የሚሄዱት ጂፖች 38 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ግዙፍ ሰፊ ጎማ አድርገው ንፋሱን እስከ ጥቂት ፒኤስአይ ያወርዱታል፣ እዚያ የሚደረስበት መሬት ስለሌለ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ነው የሚያዋጣው። እኛ ግን ሥራ ነው የምንሄደው።

መጀመሪያ በሩን ክፈቱ

የሾፌሩን በር ክፈቱና በሩ የሚያርፍበትን ምሰሶ እዩ። ሰንጠረዥ ያለው ስቲከር ተለጥፎበታል። የጎማው ልክ፣ የፊትና የኋላ ንፋስ፣ መኪናው የሚጭነው ክብደት እዚያ ላይ አለ። አንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ላይ የነዳጅ መክደኛው ውስጥ ታገኙታላችሁ። ፎቶ አንሱት፣ ስልካችሁ ላይ ይቀመጥ።

አሁን የተገጠመውን ጎማ ብቻ አይታችሁ እንዳታዙ። በተለይ መኪናው ያገለገለ ከሆነ። የበፊቱ ባለቤት ለማማር ብሎ ሌላ ልክ አስገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ከስቲከሩ ቀጥሎ የመኪናውን ማኑዋል ማየት ነው። ስቲከሩ የሚናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ልክ ነው። ማኑዋሉ ብዙ ጊዜ ለዚያው ሞዴል የተፈቀዱትን ሌሎች ልኮችም ይዘረዝራል። ሰንሰለት በየትኛው ልክ ላይ እንደሚታሰርም እዚያው አለ፣ በሰፊው ጎማ ላይ ጭራሽ አይታሰርም የሚል ማኑዋል ብዙ ነው። ጀርመን ያላችሁ ሲኦሲ የሚባለውን የመኪናውን የአምራች ማረጋገጫ ወረቀት አውጡ፣ እዚያ ላይ ያልተጻፈ ልክ መግጠም ራሱን የቻለ ፈቃድ ይጠይቃል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ጎማው ጎን ላይ 215/55አር17 94ቪ የሚል አለ እንበል። 215 ስፋቱ ነው፣ በሚሊሜትር። 55 የጎኑ ቁመት ነው፣ ግን በሚሊሜትር አይደለም፣ የስፋቱ 55 በመቶ ማለት ነው። አር የጎማው አሠራር ነው፣ እርሱት። 17 ደግሞ የቸርኬው ቁመት በኢንች። 94 የሚሸከመው ክብደት ኮድ ነው፣ ቪ የፍጥነቱ።

ሰው የሚሳሳተው ሁለተኛዋ ቁጥር ላይ ነው። ስፋቱን ስትቀንሱ የጎኑም ቁመት አብሮ ይቀንሳል፣ በመቶኛ ነዋ የተጻፈው። ከ235/45 ወደ 215/45 ብትወርዱ ጎማው ጠቦ ብቻ አይቀርም፣ ያጥራልም። ስለዚህ ስፋት ሲቀነስ አብዛኛውን ጊዜ መቶኛው ከፍ ይላል፣ ቸርኬውም ያንሳል። ሦስቱ አብረው ነው የሚሄዱት።

ካምሪን ይዘን እንሥራው

ታክሲና ኡበር የሚሠራው ወገናችን ካምሪ ስለሚያበዛ እሱን እንውሰድ። ከ2018 እስከ 2024 ያለው ካምሪ ኤስኢ ብዙውን ጊዜ በ235/45አር18 ነው የሚመጣው። ያው መኪና ኤልኢ ሲሆን 215/55አር17 ያደርጋል። ኤልኢ ሃይብሪዱ 205/65አር16 አለው። ኤክስኤስኢው ደግሞ 235/40አር19። ቶዮታ ራሱ ለአንድ መኪና አራት ልክ ሰጥቷል ማለት ነው።

አሁን ካልኩሌተር አውጡ። የምንፈልገው የሙሉ ጎማውን ቁመት ነው። ስፋቱን በመቶኛው አባዙ፣ ያንን በሁለት አባዙ፣ ከዚያ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ደምሩበት።

235/45አር18፦ 235 በ0.45 ሲባዛ 105.75፣ በሁለት 211.5። 18 በ25.4 ደግሞ 457.2። ድምሩ 668.7 ሚሊሜትር።

215/55አር17፦ 236.5 ሲደመር 431.8። 668.3 ሚሊሜትር።

205/65አር16፦ 266.5 ሲደመር 406.4። 672.9 ሚሊሜትር።

አያችሁ? 20 ሚሊሜትር ጠብቦ ቁመቱ የተለየው በ0.4 ሚሊሜትር ነው። 30 ሚሊሜትር የጠበበው እንኳ የሚበልጠው በ4.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ አንድ በመቶም አይሞላም። በሙያው የተለመደው ገደብ 3 በመቶ ነው። ከዚያ ካለፈ የፍጥነት ቆጣሪው ይዋሻል፤ ጎማው በ3 በመቶ ቢረዝም ቆጣሪው 100 ሲል እናንተ 103 ላይ ናችሁ። ፍሬን ስትይዙ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስም ሒሳቡን የሚሠራው ከጎማው ዙር ነው።

ስለዚህ ባለ 18 ኢንቹ ካምሪ ኤስኢ ለክረምት 215/55አር17 ቢያደርግ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ብሆን እሱን ነው የምመርጠው፤ 205/65አር16ን የምታዩት ማኑዋላችሁ ለእናንተው ሞዴል ከፈቀደው ነው። የጎኑ ቁመት ከ106 ወደ 118 ሚሊሜትር ስለሚያድግ በረዶ የቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ስትገቡ ቸርኬው ቶሎ አይጎዳም። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል።

ክብደቱን አትዝለሉት

ይቺ ቁጥር የምትታየው በመጨረሻ ነው፣ ወይም ጭራሽ አትታይም። 94 ማለት አንዱ ጎማ 670 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። 91 ሲሆን 615። 95 ሲሆን 690። 98 ሲሆን 750።

የበረዶ ጎማው ቁጥር ስቲከሩ ካለው ማነስ የለበትም። ጠባብ ስለሆነ ብቻ ደግሞ የሚሸከመው ያንሳል ማለት አይደለም፤ 205/65አር16 በመደበኛው 95 ነው፣ ከሰፊው 235/45አር18 መደበኛ 94 ይበልጣል።

አደጋው ያለው ያንኑ ባለ 18 ቸርኬ ይዘው ስፋቱን ብቻ ለመቀነስ የሚሞክሩት ጋ ነው። 215/45አር18ን እንይ። ቁመቱ 650.7 ይመጣል፣ ልዩነቱ 2.7 በመቶ፣ ስለዚህ ከ3 በመቶ በታች ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ክብደቱ ግን በመደበኛው 89 ነው፣ 580 ኪሎ። የተጠናከረው፣ ኤክስኤል የሚባለው እንኳ 93፣ 650 ኪሎ። አይበቃም። ኋላ ሦስት ሰው፣ ሻንጣው ሙሉ፣ ኤርፖርት እየሄዳችሁ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። 225/45አር18 ኤክስኤል 95 ግን ይሄዳል፣ ቁመቱ 659.7 ነው። ኤክስኤል ያንን ክብደት የሚሸከመው ከፍ ባለ ንፋስ መሆኑን ግን አትርሱ፣ ጎማ ቤቱ ስንት መሞላት እንዳለበት ከሠንጠረዡ አይቶ ይንገራችሁ።

ቴስላ የያዛችሁ ደግሞ ይቺን ልብ በሉ። ሞዴል 3 ባለ 18 ኢንቹ ከካምሪው ጋር ልኩ አንድ ነው፣ 235/45አር18። ግን የሚፈልገው 98 ነው። ባትሪው ከባድ ነው። ልኩን ብቻ አይታችሁ የካምሪውን 94 ብትገዙ በአንድ ጎማ 80 ኪሎ ጎደለ።

የፍጥነቱ ፊደል ላይ ያን ያህል አትጨነቁ። የበረዶ ጎማ ከበጋው ዝቅ ያለ ፊደል ቢኖረው የተለመደ ነው፤ ኪው 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ ቲ 190፣ ኤች 210። አውሮፓ ውስጥ ከመኪናው ዝቅ ያለ ከሆነ ሾፌሩ ፊት ገደቡን የሚናገር ስቲከር ይለጠፋል።

ቸርኬውስ?

ወደ ጠባቡ ልክ ስትወርዱ ሁለተኛ ቸርኬ ትገዛላችሁ። መጀመሪያ ላይ ወጪ ይመስላል። ግን በዓመት ሁለቴ ጎማ ከቸርኬ ማስፈታትና ማስገጠም ይቀርላችኋል፣ ክሪክ ያለው ሰው ቤቱም ይቀይረዋል። መንገድ ላይ የሚረጨው ጨውም የሚያበላሸው ርካሹን የብረት ቸርኬ ይሆናል፣ ያን የሚያምረውን አይደለም።

ቸርኬ ስትገዙ የምታዩት አራት ነገር ነው። የቡሎኑ አቀማመጥ፣ የመሐሉ ቀዳዳ፣ ኦፍሴቱ (ቸርኬው ምን ያህል ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደሚቀመጥ)፣ እና ከፍሬኑ ጋር መነካካት አለመነካካቱ። ለካምሪው አምስት ቡሎን በ114.3 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነው፣ የመሐሉ ቀዳዳ 60.1 ሚሊሜትር። ሰሜን አሜሪካ የሚሸጠው ኮሮላ ግን አብዛኛው 5 በ100 ነው፣ የካምሪ ቸርኬ አይገባለትም፤ ሁለቱም ቶዮታ ናቸው ብላችሁ ከሰው ያገለገለ ቸርኬ እንዳትገዙ። ፍሬኑን በተመለከተ፣ ፋብሪካው ለሞዴላችሁና ለሞተራችሁ የሰጠው ትንሹ ኢንች ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዲስኩ ትልቅ የሆነ መኪና ላይ ትንሽ ቸርኬ አይገባም፣ ወይም ገብቶ ካሊፐሩን፣ ዲስኩን የሚይዘውን የፍሬን ክፍል፣ ይፍቃል።

የቸርኬው ስፋትም አለ። እያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት ከየት እስከ የት እንደሆነ የተወሰነ ነው። 215/55አር17 ከ6 እስከ 7.5 ኢንች ስፋት ባለው ላይ ይቀመጣል። 

አሜሪካ ያላችሁ የጎማ ንፋስ የሚቆጣጠረውንም ሴንሰር አስቡበት። ከ2008 ሞዴል ወዲህ ያለው መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ነው። ብዙዎቹ ላይ ሴንሰሩ ቸርኬው ውስጥ ስለሚገኝ ለአዲሱ ቸርኬ ሌላ አራት ካልገዛችሁ መብራቱ ክረምቱን ሙሉ ይበራል።

ሁለተኛ ቸርኬ መግዛት የማይሆንላችሁ ከሆነ ሳትሳቀቁ በስቲከሩ ልክ የበረዶ ጎማ ግዙ። በቃ። 235 ላይ ጥሩ የበረዶ ጎማ ያደረገ መኪና ከማንም አያንስም። ኋላው ከፊቱ የሚሰፋ መኪና ያላችሁ ግን፣ አንዳንድ ቢኤምደብሊውና መርሴዲስ እንደዛ ነው፣ ማኑዋሉ ለክረምት አራቱንም እኩል ማድረግ የሚፈቅድ ከሆነ በጠባቡ ልክ አራቱንም አንድ አድርጉ።

ምልክቱና ሕጉ

ኤም+ኤስ (ጭቃና በረዶ ማለት ነው) የሚል ፊደል ብቻ አይታችሁ አትግዙ። እሱ አምራቹ ራሱ የሚጽፈው ነው። የምትፈልጉት ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሆኖ መሐሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ሥዕል ነው። ያ በበረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ጎማ ላይ ነው የሚታተመው።

የበረዶ ጎማ ሕጉ ስለ ስፋት ደንታ የለውም፣ የሚያየው ምልክቱንና ጥርሱን ነው። ኩቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ ግዴታ ነው። ስዊድን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ በረዷማ ከሆነ ግዴታ ነው፣ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊሜትር። ጀርመን ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የተራራውን ምልክት ብቻ ነው የሚቀበለው። ኦንታሪዮ ግዴታ ባይሆንም ኢንሹራንሶች ለበረዶ ጎማ ቅናሽ እንዲሰጡ ይገደዳሉ፣ ደውላችሁ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያስታውሳችሁም።

ጎማ ቤት ስትደውሉ

ብራንድ አታስቀድሙ። መጀመሪያ ልኩን ከነክብደቱ ተናገሩ፦ «215/55አር17፣ ክብደቱ 94 ወይም ከዚያ በላይ፣ የተራራ ምልክት ያለው፣ አራት ፍሬ።» ኖቬምበር ላይ ከደወላችሁ መልሱ ብዙ ጊዜ «እሱ አልቋል፣ 225/50 አለኝ፣ ያው ነው» ነው። ያው ላይሆን ይችላል። ቁመቱን ወዲያው በስልካችሁ ሥሩት። 225/50አር17 656.8 ይመጣል፣ 1.7 በመቶ ያጥራል፣ በቁመት ያልፋል። ክብደቱ 94 ከሆነ እሱም ያልፋል። ግን ጠባብ ፈልጋችሁ ሰፊና አጭር ነው የተሸጠላችሁ። ማኑዋላችሁ የሚፈቅደው ሌላ ጠባብ ልክ፣ ለምሳሌ 205/65አር16፣ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ ሌላ ጎማ ቤት ደውሉ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ የደወለ ሰው ይሄ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ጎማው ሲመጣ ሳይገጠም በፊት ጎኑን እዩ። ዶት ከሚለው ቀጥሎ ያሉት የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ጊዜ ነው፤ 3624 ማለት በ2024 36ኛው ሳምንት ላይ ተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ ከሆነ ጥርሱን ለኩ። ከ4 ሚሊሜትር በታች ከወረደ በርካሽ ቢሰጧችሁም ለበረዶ አይሆንም። ሁለት ጎማ ብቻ ግዛ የሚላችሁንም አትስሙ። ፊቱ ይዞ ኋላው ከለቀቀ መኪናው መንገድ ላይ ይዞራል። ፎር ዊል መሆኑም አያድንም፣ እሱ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም።

ከተገጠመ በኋላ

ጎማው ጎን ላይ ቀስት ካለው ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ መሆኑን እዩ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩና ፓራፋንጎውን ወይም ሌላ ነገር እንደማይነካ ስሙ።

ንፋሱን ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ለኩ፣ ጠዋት ሳትነዱ። ብርዱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ጎማው ወደ 1 ፒኤስአይ ያጣል። ሙቅ ጋራዥ ውስጥ በ20 ዲግሪ የተሞላ ጎማ ውጭ ሳስካቱን ውስጥ ከዜሮ በታች 20 ላይ ሲያድር 7 ያህል ይጎድልበታል። በረዶ ነው ብላችሁ ደግሞ ሆን ብላችሁ አታጉድሉት፣ ያ የድሮ ምክር ነው።

ቡሎኑ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ይጠበቅ፣ በአየር ሽጉጥ ብቻ ተንጣጥቶ አይለቀቅ። ለካምሪ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ የሌላው ማኑዋሉ ላይ አለ። የመጀመሪያውን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ተመልሳችሁ እንደገና አስጠብቁት፣ በተለይ ቸርኬው አዲስ ከሆነ። አብዛኛው ጎማ ቤት ለዚህ አያስከፍልም።